ዱላው የሚያሳብቅበት ክፍል፦ የምትና የጥንድ እንቅስቃሴ ሥልጠና ግምገማ

በአዲስ አበባ ሳር ቤት አካባቢ በአንድ አነስተኛ አዳራሽ የሚሰጠው የአካላዊ ቴአትር ሥልጠና ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ማክሰኞና ሐሙስ ከቀኑ 11:30 እስከ ምሽቱ 1:30፣ በድምሩ 12 ክፍለ ጊዜ ነው። የቃለ ተውኔት ንባብ የለበትም፣ የድምፅ ልምምድም የለበትም፤ ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው የሚሠራው ምትና የጥንድ እንቅስቃሴ ብቻ ነው። እንዲህ ጠበብ አድርጎ መያዙ ትልቁ ጥንካሬው ነው። ተዋናይ አጋሩ ሊነሣ ሲል፣ ገና ከመነሣቱ በፊት፣ በሰውነቱ ማወቅ አለበት። ይህ በንግግር አይሰጥም፣ በሁለት ቀን ዎርክሾፕም አይገኝም። እዚህ በትክክል ይገኛል። ሰው ማንሣት ላይ ሲደርስ ግን ሥልጠናው ይቸኩላል፤ በዚህ በኩል ያለው ጉድለት ቀላል አይደለም።

ከቤቱ እንጀምር። አዳራሹ ወርዱ 9፣ ርዝመቱ 12 ሜትር ገደማ ነው። ወለሉ ጣውላ ነው፤ ከሥሩ ሞራሌ ስላለው ሲዘለልበት ትንሽ ይለምጣል። ለጉልበትና ለቁርጭምጭሚት ከዚህ የበለጠ ነገር የለም። በባዶ ሲሚንቶ ወይም በሴራሚክ ላይ ለስድስት ሳምንት የዘለለ ሰው መጀመሪያ የፊት ቅልጥሙን፣ ቀጥሎ ጉልበቱን ያመዋል። ሥራው በባዶ እግር ነው። ካልሲ መከልከሉ ተገቢ ነው፤ በጣውላ ላይ ካልሲ ያንሸራትታል፣ የሚንሸራተት ሰው ደግሞ ጣቶቹን ስለሚያኮራምት ከምቱ ይዘገያል። በግራ በኩል ሁለት ቦታ ጣውላው ተሰንጥቋል፣ ስንጥሩም በፕላስተር ተሸፍኗል። ፕላስተሩ በላብ ይላቀቃል፤ በሃምሳ ብር የብርጭቆ ወረቀት የሚያልቅ ሥራ ነው፣ ቢሠራ ጥሩ ነው።

ልብስ ሰፋ ያለ፣ ከወገብ የማይወርድ ሱሪና እጅጌ ያለው ቲሸርት ይሁን። እጅጌ የሚያስፈልገው ላብ የነካ ባዶ ክንድ ሲያዝ ስለሚያሟልጭ ነው። ቀለበት፣ የእጅ ሰዓትና የጆሮ ጌጥ ይወልቃል። ማተብ ያሰረ ሰው ግን እንዲፈታ አይጠየቅም፤ ክሩ ወደ ቲሸርቱ ውስጥ ገብቶ በሕክምና ፕላስተር ደረት ላይ ይለጠፋል። የአጋር ጣት ክር ውስጥ ከገባ አንገት ይቆርጣል፣ ጣትም ይሰብራል፤ ሰውን ከእምነቱ ጋር ሳያጋጩ ይህን አደጋ ማስወገድ መቻሉ ክፍሉ በአስተዋይ ሰው እጅ እንዳለ ያሳያል።

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ግማሹ በቃላት ላይ ይጠፋል፣ መጥፋቱም ይጠቅማል። በአማርኛ «ምት» ሲባል አንዱ የከበሮ ድምፅ፣ አንዱ ፍጥነት፣ ሌላው «ሞቅ ማለት» ብሎ ይረዳዋል። ስለዚህ በየመድረኩ ልምምድ «ምቱን ጠብቁ» ሲባል ግማሹ ሰው ይፈጥናል፣ ግማሹ ይጠነክራል። አሠልጣኟ ሦስቱን ትለያለች፦ ምት የሚመላለሰው አከፋፈል ነው፣ ፍጥነት በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚመጣ ነው፣ ጉልበት ደግሞ ጡንቻው ምን ያህል እንደጠበቀ ነው። መለያውም በተግባር ነው። ከወንበር ተነሥቶ መቀመጥ በአራት ምት ይሠራል፤ መጀመሪያ በቀስታና በልል ጡንቻ፣ ከዚያ በቀስታና በጠበቀ ጡንቻ፣ ከዚያ በፍጥነትና በልል ጡንቻ። ሦስተኛው ነው ሁሉን የሚጥለው። ሰው ሲፈጥን ትከሻው ይወጠራል፣ መንጋጋው ይገጥማል፤ ፈጥኖ መላላት ለብቻው የሚለመድ ነገር ነው።

ማፍታቻው 20 ደቂቃ ነው። ከእግር መዳፍ ይጀምርና በቁርጭምጭሚት፣ በጉልበት፣ በዳሌ፣ በአከርካሪ አድርጎ ወደ ትከሻና አንገት ይወጣል። ቅደም ተከተሉ ትክክል ነው፤ ችግሩ ሰዓቱ ነው። የሥራ መውጫ ላይ መንገዱ ስለሚዘጋ ግማሹ ሰልጣኝ 11:50 ላይ ይደርሳል፣ እንደደረሰም ያለ ማፍታቻ ወደ ጥንድ ሥራ ይገባል። በጀርባ አጋር ለሚሸከም ሰው ይህ አይፈቀድም። አርፍዶ የመጣ ሰው ጥግ ላይ ቢያንስ 10 ደቂቃ ሳያፍታታ ማንንም እንዳይነካ የሚል ደንብ ያስፈልጋል።

ከማፍታቻው ቀጥሎ ሁሉም በአዳራሹ ውስጥ ይራመዳል፤ የስልክ ሜትሮኖም (እኩል ምት የሚመታ መተግበሪያ) በደቂቃ 60፣ ከዚያ 90፣ ከዚያ 120 ይመታል። ድምፁ ለ30 ሰከንድ ይጠፋል፣ እግር ግን ይቀጥላል፣ ከዚያ ድምፁ ይመለሳል። ድምፁ ሲመለስ በ60 ላይ ሁሉም ማለት ይቻላል ቀድሞ ይገኛል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በዝግታ ሲራመዱ አንድ እግር አየር ላይ የሚቆይበት ጊዜ ይረዝማል፣ ሚዛን ያጣ ሰው ደግሞ መሬት ለመያዝ ይቸኩላል። ስለዚህ መፍትሔው «ቀስ በሉ» ማለት ሳይሆን የቆመውን እግር ጉልበት ትንሽ ማጠፍና ክብደትን ወደ መዳፉ መሐል ማምጣት ነው። ይህን እርማት አሠልጣኟ ለየሰዉ እየዞረች በእጅዋ ታሳያለች።

የክብ ጭብጨባው በብዙ ሥልጠና ውስጥ ያለ ነው፤ እዚህ የሚለየው ጥብቅ መሆኑ ነው። ሰጪና ተቀባይ ፊት ለፊት ተያይተው በአንድ ቅጽበት ያጨበጭባሉ፣ ተቀባዩ ወደ ቀጣዩ ዞሮ እንዲሁ ያደርጋል። ሁለት ድምፅ ከተሰማ ከመጀመሪያው ይጀመራል። የሚበላሸው ዓይን እጅን ሲከተል ነው። እጅ ሲዘጋ ካየህ ዘግይተሃል። መታየት ያለበት የአጋር ደረት ነው፤ ትንፋሹ ከጭብጨባው ቀድሞ ይነሣልና።

ቀጥሎ የሚመጣው ዱላ የሥልጠናው ልብ ነው። ርዝመቱ 1 ሜትር ከ20፣ ውፍረቱ 2.5 ሴንቲ ሜትር፣ የደረቀ ባሕር ዛፍ፣ በብርጭቆ ወረቀት የለሰለሰ። ርጥብ ዱላ ይከብዳል፣ ሲደርቅም ይጎብጣል፤ የጎበጠ ዱላ አየር ላይ ስለሚዞር ለጀማሪ አይሆንም። ለ16 ሰልጣኝ 10 ዱላ አለ፣ ይበቃል። ጥንዶች በ1.5 ሜትር ርቀት ቆመው ዱላውን ቀጥ ብሎ እንደቆመ ይወራወሩታል፤ ከተሳካ ርቀቱ ወደ 2፣ ከዚያ ወደ 3 ሜትር ይሰፋል። ዱላው ካዘመመ የወርዋሪው የእጅ አንጓ ተጠምዝዟል ማለት ነው። ተቀባይን ካመመው ክርኑን አድርቆ ይዟል ማለት ነው፤ እጅ ዱላውን ተቀብሎ አንድ ስንዝር ያህል አብሮት መጓዝ አለበት። ከወደቀ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የወርዋሪው ነው፤ አጋሩ ሳይዘጋጅ ልኮታል።

እዚህ ላይ አሠልጣኟ የሩሲያውን አዘጋጅ የቭሴቮሎድ ሜየርሆልድን ዘዴ ታስገባለች። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ «ባዮሜካኒክስ» ብሎ ባስተማረው ልምምድ ማንኛውም ድርጊት ሦስት ክፍል አለው። ኦትካዝ፣ ማለትም «እምቢታ»፣ ከድርጊቱ በፊት በተቃራኒ አቅጣጫ የምትደረግ ትንሽ እንቅስቃሴ ናት፤ ከዚያ ድርጊቱ ራሱ ይመጣል፤ በመጨረሻ ደግሞ የሚያቆመው ነጥብ አለ። ዱላ ከመላኩ በፊት ክንድ ትንሽ ወደ ታች ይወርዳል፣ ጉልበትም አብሮ ይታጠፋል። ተቀባዩ የሚያነበው ይችን ነው። ለእኛ ሰው ይህ ባዕድ አይደለም። ፎካሪ ወደ ፊት ከመወርወሩ በፊት ሁለት ሦስት እርምጃ ያፈገፍጋል፤ ተመልካቹ የሚነዝረው ሲወረወር ሳይሆን ሲያፈገፍግ ነው። አሠልጣኟ ፉከራውን ካሳየች በኋላ የሰዉ ውርወራ ወዲያው ይቃናል። ረጅም ንድፈ ሐሳብ ከማስረዳት ይህ በለጠ።

በአራተኛው ክፍለ ጊዜ ከበሮ ይመጣል። የተመረጠው ምት ችክችካ ነው፣ በስድስት የሚቆጠረው። ስድስትን በሁለት መንገድ መክፈል ይቻላል፤ ሦስት ሦስት አድርጎ ሁለት ቦታ፣ ወይም ሁለት ሁለት አድርጎ ሦስት ቦታ። ሰርግ ቤት የሚያጨበጭብ ሰው ይህን ሳያውቀው ይሠራዋል፤ እጁ በአንዱ ይመታል፣ ትከሻው በሌላው ይሄዳል። ሥልጠናው ይህን ከአንድ ሰውነት አውጥቶ ለሁለት ሰው ያከፋፍለዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ዞረው ይቆማሉ። አንዱ በ1 እና በ4 ላይ ይረግጣል፤ ሌላው በ1፣ በ3 እና በ5 ላይ። ሁለቱ እግሮች አብረው የሚያርፉት በ1 ላይ ብቻ ነው። በመነሻው ስድስቱ ምት በሙሉ 2 ሰከንድ ይወስዳል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው በደቂቃ 60፣ ሁለተኛው 90 ጊዜ ይረግጣል። መጀመሪያ ባሉበት ቆመው ይረግጣሉ፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ወደ ፊት ይሄዳሉ። መሄድ ሲጀምሩ አዲስ ችግር ይፈጠራል። በእኩል ጊዜ አንዱ ሁለት፣ ሌላው ሦስት እርምጃ ስለሚራመድ ጎን ለጎን ለመቆየት የእርምጃ ርዝመት መለያየት አለበት። ሦስት የሚረግጠው 40 ሴንቲ ሜትር ከተራመደ ሁለት የሚረግጠው 60 መራመድ ይኖርበታል። ወለሉ ላይ በነጭ ፕላስተር በ40 እና በ60 ሴንቲ ሜትር ምልክት መደረጉ በጣም ረድቷል፤ ያለ ምልክት ሁለቱም ሳያውቁት እርምጃቸውን ያመሳስላሉ፣ እርምጃ ሲመሳሰል ደግሞ ምቱም ወደ አንድ ይሄዳል።

ከዚያ ዱላው ይጨመራል። ዱላው በሁለቱ መሐል አግድም ይሆናል፤ አንዱ ጫፍ በአንዱ የቀኝ መዳፍ፣ ሌላው ጫፍ በሌላው የግራ መዳፍ ላይ ተደግፎ በግፊት ብቻ ይቆማል። አይያዝም፣ አይጨበጥም። እንዲህ ሆነው ያንኑ የሁለትና የሦስት ጉዞ ይጓዛሉ። እዚህ ምንም መደበቅ አይቻልም። ሦስት የሚረግጠው ሲቸኩል ዱላው በእሱ በኩል ወደ ፊት ያዘነብላል። ሁለት የሚረግጠው በረጅሙ እርምጃ መሐል ጉልበቱን ካደረቀ ሰውነቱ ከፍ ዝቅ ስለሚል ዱላው ይንጠራወዛል። አንዱ አጋሩን ካላመነ ግፊት ይጨምራል፣ መዳፍ ይቀላል፤ ሌላው ከሸሸ ዱላው ይወድቃል። አሠልጣኟ እርማት የምትሰጠው ሰውን ሳይሆን ዱላውን እያየች ነው። «ዱላው ወደ አንቺ መጣ፣ ምን ሆነሽ ነው?» ስትል ጥያቄው የሚመለሰው በእግር ነው።

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ዓይን ላይ ይገኛል። ሦስት የሚረግጠው የአጋሩን እግር ካየ በ4 ላይ የሚያርፈው እግር ይስበዋል፣ የራሱን 5 ያስቀድማል። መፍትሔው ሁለቱም ዓይናቸውን ከፊታቸው ባለው ግድግዳ ላይ፣ በዓይናቸው ከፍታ አድርገው አጋራቸውን በዓይን ጥግ ብቻ ማየት ነው። ሁለተኛው መፍትሔ መቁጠርን መተው ነው። በአፍ «አንድ ሁለት ሦስት» የሚል ሰው ትንፋሹን ይቆራርጣል። በምትኩ ሁለት የሚረግጠው ሙሉውን ስድስት በአንድ ወጪ ትንፋሽ ይይዘዋል፣ ሌላውም ይህን ትንፋሽ ይሰማል። ጥንዶቹ በዚህ ሲስማሙ ፍጥነቱ ይጨምራል፤ ስድስቱ ምት በ1.5 ሰከንድ ሲያልቅ እርግጫው 80 እና 120 ይደርሳል። ከዚያ በላይ መሄድ ለዚህ ልምምድ ትርጉም የለውም፣ እርምጃው ሩጫ ይሆናል። ሁለት ክፍለ ጊዜ ሙሉ በዚህ አንድ ነገር ላይ መቆየታቸው የሚያስመሰግን ነው። ሌላ ቦታ ቢሆን በሩብ ሰዓት ታልፎ ነበር።

ከበሮው ራሱ ግን የተቀመጠበት ቦታ ልክ አይደለም። ከበሮ መቺው ጎበዝ ነው፤ ትልቁንና ትንሹን ፊት ለይቶ በመምታት 1ን ያለ ጩኸት ያጎላል፣ ሰዉ ሲሞቅም አብሮ አይፈጥንም፤ ይህ ከባድ ችሎታ ነው። የተቀመጠው ግን በአዳራሹ ጥግ ነው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ ከበሮው 12 ሜትር ርቆ ያለ ሰው ምቱን በ35 ሺኛ ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ይሰማል። ለብቻው ሲታይ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን የሲሚንቶው ግድግዳ ድምፁን መልሶ ይልካል፣ በሩ አጠገብ ያሉት ጥንዶች ሁለት ምት ይሰማሉ፣ የትኛውን እንደሚከተሉም ይቸገራሉ። ሁልጊዜ «እናንተ ዘገያችሁ» የሚባሉት እነዚሁ ናቸው፣ ጥፋቱ የእነሱ ሳይሆን። ከበሮውን መሐል አምጥቶ ጥንዶቹን ዙሪያውን ማድረግ፣ በኋለኛው ግድግዳ ላይም ወፍራም መጋረጃ ወይም ብርድ ልብስ መስቀል ይበቃል።

የመስታወት ልምምድም አለ፤ አንዱ ይመራል፣ ሌላው እንደ መስታወት ይከተላል፣ በየሁለት ደቂቃው ይቀያየራሉ፣ በመጨረሻ መሪ አይኖርም። መልካም ነው፣ አዲስ ነገር ግን የለበትም። ከብራዚላዊው አውግስቶ ቦአል የተወሰደው፣ መዳፍን ከአጋር ፊት በ30 ሴንቲ ሜትር ያህል አድርጎ መምራት፣ ከዚህ የተሻለ ፍሬ ሰጥቷል፤ መሪው የሌላ ሰው አከርካሪና ጉልበት በእጁ ላይ እንዳለ ቶሎ ይገባዋል።

ከሰባተኛው ክፍለ ጊዜ ጀምሮ ሰውነት ሰውነትን ይነካል። ከዚህ በፊት የመነካካት ስምምነት ይደረጋል፤ ይህ የሥልጠናው ሌላ ጥንካሬ ነው። እያንዳንዱ ሰው በራሱ እጅ የራሱን ሰውነት እየነካ የሚፈቅደውንና የማይፈቅደውን ቦታ ለአጋሩ ያሳያል፤ ከዚያ አጋሩ ያንኑ ቦታ ከመንካቱ በፊት «እዚህ ልያዝሽ?» ወይም «እዚህ ልያዝህ?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ በየቀኑ ሊለወጥ ይችላል፣ ምክንያትም አይጠየቅም። «በቃ» የሚለው ቃል ሲነገር ሁለቱም ቀስ ብለው ወደ እግራቸው ይመለሳሉ፤ በድንገት መልቀቅ ክልክል ነው። በእኛ አገር ወንድና ሴት ተያይዘው የሚሠሩት የመድረክ ሥራ ላይ ብዙ ሴቶች ዝም ብለው የሚሸከሙት ነገር አለ። አሥር ደቂቃ የሚወስደው ይህ ሥርዓት ብዙ ነገር ያቃልላል። ጥበባዊ ጥቅምም አለው፤ የት እንደሚነካ የሚያውቅ ሰውነት አይወጠርም፣ ያልተወጠረ ሰውነት ደግሞ ምት ይሰማል።

የክብደት መጋራቱ የሚጀምረው በመጎተት ነው። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት፣ የእግር ጣቶቻቸው ሊነካኩ ሲቃረቡ ይቆማሉ። አንጓ ለአንጓ ይያያዛሉ፤ በጣት መያያዝ አይሆንም፣ ላብ ሲኖር ይላቀቃል። ክንዳቸውን ሙሉ ለሙሉ ዘርግተው ጉልበታቸውን ትንሽ አጥፈው ወደ ኋላ ያጋድላሉ። የተለመደው ስሕተት ከወገብ መታጠፍ ነው፤ መቀመጫ ወደ ኋላ ሲወጣ ደረት ወደ ፊት ይቀራል፣ ክብደቱም ለአጋር አይደርስም። ሁለተኛው ስሕተት ክርን ማጠፍ ነው፤ ያኔ ሥራው በጡንቻ ጉልበት ይሆንና ከሁለት ደቂቃ በኋላ ክንድ ይንቀጠቀጣል።

ኪሎ ሲለያይ ምን ይደረጋል የሚለውን ብዙ አሠልጣኝ «ተማመኑ» ብሎ ያልፈዋል። እዚህ በልኬት ተብራርቷል። ቁመታቸው ተቀራራቢ የሆነ፣ አንዱ 80 ሌላዋ 55 ኪሎ የሆኑ ሁለት ሰዎች እኩል ካጋደሉ ቀላሏ ወደ ፊት ትጎተታለች። ባለ 80 ኪሎው የሰውነቱን መሐል ከእግሩ 20 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ካደረገ እሷ 29 ያህል ማድረግ አለባት። በሌላ አነጋገር ይበልጥ ማጋደል ያለበት ቀላሉ ሰው ነው፣ ይበልጥ የሚፈራውም ብዙውን ጊዜ እሱ ነው። ከዚህ በኋላ ያው ስድስት ምት ይመለሳል፤ በሦስት ምት አብሮ መቀመጥ፣ በሦስት አብሮ መነሣት። ጀርባ ለጀርባ ተደጋግፎ መቀመጥና መነሣትም በዚሁ ቀን ይሠራል። ኮንታክት ኢምፕሮቪዜሽን የሚባለው፣ በንክኪ ላይ ተመሥርቶ በቅጽበት የሚፈጠረው፣ አሜሪካዊው ስቲቭ ፓክስተን እ.ኤ.አ. በ1972 የጀመረው የጥንድ ጭፈራ መሠረቱ ይኸው ክብደት መስጠትና መቀበል ነው፤ ክፍሉ ከእሱ የወሰደው የሚንከባለለውን የንክኪ ነጥብ ነው። ከትከሻ ወደ ጀርባ፣ ከጀርባ ወደ ዳሌ፣ ሳይቋረጥ።

ማንሣት በዘጠነኛውና በአሥረኛው ክፍለ ጊዜ ነው። የሚሰጠው የዳሌ ማንሣት ነው። አንሺው ከጎን ሆኖ ጉልበቱን አጥፎ ዳሌውን ከሚነሣው ሰው ዳሌ ዝቅ ያደርጋል፣ ክንዱን በሚነሣው ሰው ወገብ ላይ ይጠመጥማል። በ1 እና በ2 ሁለቱም አብረው ጉልበት ያጥፋሉ፣ በ3 የሚነሣው ይዘላል፣ አንሺውም በዚያው ቅጽበት ጉልበቱን ይዘረጋል፤ 4 ላይ ከፍታ ነው፣ በ5 እና በ6 ይወርዳሉ። ሰው ሲነሣ የሚያነሣው ክንድ አይደለም፤ ዝላዩና የአንሺው እግር ናቸው። አንሺው በግማሽ ምት ከዘገየ ዝላዩ አልቆ ሰውዬው መውረድ ጀምሯል፤ ያኔ ሙሉ ክብደቱ በታችኛው ወገብ ላይ ያርፋል። ሲወርድም ጣት፣ መዳፍ፣ ተረከዝ ብሎ ጉልበት እየታጠፈ መሆን አለበት፤ ተረከዝ ሳያርፍ አንሺው አይለቅም።

ትምህርቱ እስከዚህ ትክክል ነው። የሚጎድለው ዙሪያው ነው። ስምንት ጥንድ በአንድ ጊዜ ያነሣል፣ የሚያዩት አሠልጣኟና አንድ ረዳት ብቻ ናቸው፤ አንድ ሰው በአግባቡ ሊከታተል የሚችለው ከሁለት ጥንድ አይበልጥም። ፍራሾቹ አራት ናቸው፣ ውፍረታቸው 4 ሴንቲ ሜትር፣ በጣውላው ላይም ይንሸራተታሉ። የሚንሸራተት ፍራሽ ፍራሽ ጨርሶ ካለመኖሩ ይብሳል፤ የሚያርፈው እግር ወደ ጎን ይሄዳልና ቁርጭምጭሚት ይጠመዘዛል። ከሥሩ እንደ ምንጣፍ መያዣ ያለ ስስ ላስቲክ ቢነጠፍ ይቆማል። ጥንዶቹ የሚመረጡት በቁመት ነው፤ ለማንሣት ግን መጀመሪያ መታየት ያለበት ኪሎና የወገብ ጤና ነው። የዲስክ መንሸራተት ወይም የጉልበት ጉዳት ያለበት ሰው ይኑር አይኑር የሚጠየቀው በዘጠነኛው ቀን በቃል ነው፣ በሰው ፊት። በምዝገባው ቅጽ ላይ አንድ መስመር ቢጨመር ሰው ሳያፍር ይሞላዋል።

ሦስት ሦስት ሆኖ መሥራት መፍትሔው ነው። አንዱ ያነሣል፣ አንዱ ይነሣል፣ ሦስተኛው ከኋላ ሆኖ እጆቹን ከሚነሣው ሰው ወገብና ጭንቅላት አጠገብ ያደርጋል፣ ሳይነካ። 16 ሰው አምስት ቡድን ይሆናል፣ የቀረው አንድ ሰው ምቱን ያጨበጭባል። አንሺዎቹ ከስምንት ወደ አምስት ስለሚቀንሱ ጊዜው ይረዝማል፤ ስለዚህ ማንሣት አራት ክፍለ ጊዜ ያስፈልገዋል። ከየት ይምጣ ቢባል የመስታወቱ ቀን ቢቀር ማንም አይጎዳም። በሁለት ቀን ውስጥ ግን ይህን ማስተማር ከሚገባው በላይ መድፈር ነው፤ ሰው የሚጎዳው በክፉ ቴክኒክ ብቻ ሳይሆን ጥሩውን ቴክኒክ ሰውነቱ ሳይለምደው ሲጣደፍም ነው።

የመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት ለአጭር ትዕይንት ናቸው። እያንዳንዱ ጥንድ የ3 ደቂቃ ሥራ ያዘጋጃል፤ ቃል የለም፣ ዕቃው 1.5 ሜትር አግዳሚ ወንበር ብቻ ነው። አንድ የክብደት መጋራት፣ አንድ የፍጥነት ለውጥና ሦስት ዝምታ መኖር አለበት። እ.ኤ.አ. በ1956 በፓሪስ ትምህርት ቤቱን የከፈተው ዣክ ሌኮክ ተማሪዎቹ በራሳቸው ሥራ ፈጥረው እንዲያቀርቡ ያደርግ ነበር፤ አሠራሩ ከዚያ የተወሰደ ነው፣ ርዕሱ ግን ከመንገዳችን ነው፦ ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ፣ የኋላ ወንበር።

ርዕሱ ቀላል ይመስላል፣ በጣም ይፈትናል። ታክሲው ፍሬን ሲይዝ ሰውነት ወደ ፊት ይሄዳል፣ ሲነሣ ወደ ኋላ ይቀራል፣ ወደ ግራ ሲታጠፍ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። ግማሹ ጥንድ ሲታጠፍ ታክሲው ወደሄደበት ያጋድላል፤ ተመልካቹ ምን እንደተሳሳተ ባያውቅም ታክሲው ይጠፋበታል። ትክክል የሚሆነው ሞተሩ ሥር ስድስት ምት እንዳለ ታስቦ፣ ሁለቱም በ1 ላይ በአንድ ጊዜ ሲጎተቱ ነው፤ አንዱ ከሌላው በኋላ ከሄደ መኪናው የለም፣ ሁለት ሰው ሲወዛወዝ ብቻ ይታያል። ደግሞ ጠበብ ማለት አለ። ሦስተኛ ተሳፋሪ ገባ ተብሎ ሲታሰብ ሁለቱ ትከሻቸውን አጥፈው፣ አንዱ ወደ ፊት አንዱ ወደ ኋላ፣ ይቆላለፋሉ። ይህ የክብደት መጋራቱ ነው፤ እዚያ ላይ የሚቆዩበት ዝምታ ቢያንስ ሙሉ ስድስት ምት መሆን አለበት። ከሁለት ምት ያነሰ ዝምታ ለተመልካች የረሳ ተዋናይ ይመስላል። ሰልጣኞች ዝምታን ይፈራሉ፣ በእጅ እንቅስቃሴ ይሞሉታል፤ አሠልጣኟ ሦስቱን ዝምታ በከበሮ ጫፍ እየነካች ታስቆጥራቸዋለች፣ በመጨረሻው ልምምድ ላይ ግን ከበሮው ይነሣል። ያኔ በምቱ የቀሩት ጥንዶች በዱላው ሥራ ላይ የታገሡት ናቸው።

ክፍያው ለ12ቱ ክፍለ ጊዜ 4,800 ብር፣ በየቀኑ ሲሰላ 400 ብር ነው፤ በሁለት ጊዜ መክፈል ይቻላል። ከበሮ መቺ በአካል ተገኝቶ የሚመታበት ሥልጠና ስለሆነ ዋጋው ተመጣጣኝ ነው። ለቴአትር ተማሪ፣ ለተዋናይና ለተወዛዋዥ ይሆናል። ተወዛዋዦች በትከሻና በምት ቀድመው ይገኛሉ፣ ክብደት ለሌላ ሰው መስጠት ላይ ግን ከሁሉ ይዘገያሉ፤ ሰውነታቸውን ለብቻቸው ሚዛን መጠበቅ አስለምደውታልና። ለክረምት ከውጭ አገር መጥቶ የሚመዘገብ ሰው ከተማው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ መሆኑን አይርሳ፤ የመጀመሪያውን ሳምንት በ120 የሚሠራውን ጉዞ በ90 ይሥራው፣ ትንፋሽ ያጠረው ሰው ምት አይሰማም።

የሚቀጥለው ዙር ላይ ለመመዝገብ የሚያስብ ሰው ከመክፈሉ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ለማንሣት ስንት ክፍለ ጊዜ ተመድቧል፣ በጎን የሚቆም ሦስተኛ ሰው አለ ወይ፣ ፍራሾቹ ተስተካክለዋል ወይ። መልሱ አጥጋቢ ካልሆነ እስከ ስምንተኛው ቀን ሠርቶ ዘጠነኛውና አሥረኛው ላይ ምት በማጨብጨብ መቆየት ይችላል፤ አሠልጣኟ ይህን ለጠየቃት ሰው ትፈቅዳለች፣ ፊቷንም አታጠቁርበትም። ፎጣና ግማሽ ሊትር ውኃ ይያዝ፣ ጥፍሩንም ይቁረጥ።